የጎተራዋ ሴት እና የይመር ልጆች

በአንድ ወቅት፣ ያም ወቅት ብዙ ሩቅ አይደለም፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ይመር የሚባል የጌም ቤት ባለቤት ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት፦ ታላቁ አራጋው፣ መካከለኛዋ እናኑ፣ ታናሹ ጥጋቡ። ትጓደድ የምትባል እህትም ነበረችው፤ ምላሷ ሳር ያጭዳል ይሏታል።

በጌም ቤቱ ካሉት አምስት ቴሌቪዥኖች በአራቱ ላይ ወጣቱ ኳስ ይጫወታል። አምስተኛው፣ ጥግ ላይ ያለው፣ የይመር የራሱ ነው፤ ማንም አይነካውም። በእሱ ላይ አንድ ታሪክ ያለው ጌም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተጫወተ። ትጓደድ «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ነገር አያልቅም?» ስትለው፣ «እሱስ አልቋል፤ ያላለቅኩት እኔ ነኝ» ይላት ነበር።

ሊሞት ሲል ልጆቹንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስጠርቶ የቤቱን ቁልፍ ለእህቱ ሰጣት። «ቤቱ አንድ ነው፤ ለሦስት ከተቆረጠ ለማንም አይሆንም። ጌሜ ውስጥ ያለችውን ያቺን የጎተራ ሴት ያዳናት ይውሰደው። ዳኛዋ ትጓደድ ናት» ብሎ አረፈ። ከዚያ ቤት ሌላ የተወው ነገር የለም። ቁልፉን ያጣ ከተማውን ለቆ እንጀራ ፍለጋ መሄዱ ነው።

አርባው እንደወጣ ልጆቹ ጥጉን ከበቡ። ትጓደድ በዕድሜዋ ጆይስቲክ ጨብጣ አታውቅም። «መጀመሪያ ታሪኩን ንገሩኝ፤ ባልገባኝ ነገር አልፈርድም» አለች።

ነገሯት። በጌሙ ውስጥ አንድ ጎራዴ የታጠቀ ጎበዝ አለ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ጎተራ ገብታ እህል ስታበጥር እሳት ተነሳ፤ አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም። ጎረቤት ያየው አንድ ፋኖስ የያዘ እንግዳ ሰው ሲገባ ነው። ልጁ አድጎ ያንን እንግዳ ሊበቀል አገር ለአገር ይዞራል፤ በመንገዱም ሦስት መንደሮችን ከሽፍታ ያድናል። መጨረሻ ላይ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሚመልስ የድንጋይ በር ያገኛል። ይሻገራል። እናቴን ላስጠንቅቅ ብሎ ፋኖሱን ይዞ ጎተራው ይገባል። ሴትዮዋ ትደነግጣለች፣ ትገፋዋለች፣ ፋኖሱ ይወድቃል፣ ገለባው ይያያዛል።

«ቆዩ እስቲ» አለች ትጓደድ። «እንግዳው እሱ ራሱ ነው?»

«እሱ ራሱ።»

«ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት ያሳደደው ጠላት የገዛ ጫማው ውስጥ ነበር በሉኛ!»

ሳቁ። እሷ ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። የወንድሟ ሚስት ዘነቡ ትዝ አለቻት። ዘነቡ የታመመች ጊዜ ሰው ሁሉ «ዝናቡ ያባራ» ሲል፣ ይመር «ሳትሞትብኝ ላድርሳት» ብሎ መኪና አስነሳ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። እሷ ሞተች፣ እሱ ተረፈ። «ላድናት ብዬ እኔው ገደልኳት» እንዳለ ኖረ። ጌሙን ያመጣው በዚያው ዓመት ነው። ትጓደድ ያን ሁሉ ዘመን «ጨዋታ የሚወድ ሽማግሌ» ስትለው ከርማለች።

«በሉ ተጫወቱ» አለች፤ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች።

ቀድሞ አራጋው ያዘ። ያለ ፋኖስ ገባ፤ ሴትዮዋ በጨለማ ኮቴ ሰምታ ስትሮጥ የራሷን ኩራዝ ጣለች። ከውጭ ተጣራ፤ ኩራዟን ይዛ ስትወጣ ገለባው ነደደ። ሰባት ጊዜ ሞከረ፣ ሰባት ጊዜ ጎተራው ተቃጠለ። ያኔ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ። «እሳቱ ተጽፏል። መሞቷን ግን ማን ጻፈው? አስከሬን ያየ የለም።» በስምንተኛው ፋኖሱን ይዞ ገባ፤ ሲወድቅ አልሸሸም፤ እሳቱ መሃል ገብቶ ሴትዮዋን ተሸከማት፣ በጓሮ ወጣ፣ በድንጋዩ በር ወደ ራሱ ዘመን ይዟት ተሻገረ። መንደሩ ሞተች ብሎ አለቀሰ፤ እሷ ግን የሃያ አምስት ዓመት ልጇን ፊት ለፊት አየችው።

ሁለተኛ እናኑ ያዘች። ከበሩ ተሻገረች፤ ወደ ጎተራው ግን ዞር ብላም አላየች። መዶሻ አንስታ በዚያ ባለፈው ዘመን የድንጋዩን በር አደቀቀችው። ከእንግዲህ ከወደፊት የሚመጣ እንግዳ የለም፤ እንግዳ ከሌለ ፋኖስ የለም፤ ፋኖስ ከሌለ እሳት የለም። ጎበዙ እንደ ጢስ ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቀሩት እናትና ትንሽ ልጇ ናቸው፤ አንድ ትሪ ላይ እራት ይበላሉ። ከዚያ ጨለመ።

«ሰውየው ከሌለ በሩን ማን ሰበረው?» አለች ትጓደድ።

«እኔ ነኛ፣ እቴቴ።»

ትጓደድ ወደ ጥጋቡ ዞረች።

ጥጋቡ መጨረሻ ያዘ። ጎበዙን ጎተራው ደጃፍ ላይ አቆመውና ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠ። በበሩ ስንጥቅ ሴትዮዋ ትታያለች፤ እህል ታበጥራለች፣ ታንጎራጉራለች። ሰዓት ሞላ፤ ታበጥራለች። መብራት ጠፋ፣ በማግስቱ መጣ፤ መሣሪያው ያንኑ ደጃፍ መለሰለት። ታንጎራጉራለች። «እስካልገባሁ አለች» አለ። «አልገባም።»

ጭቅጭቁ ያኔ ተጀመረ።

«በአንተ መንገድ ልጁ ሃያ ዓመት እናት አልባ አደገ» አለች እናኑ ለአራጋው። «እንኳን ደስ ያለህ በለው!»

«ያንቺስ? ጎበዙን አጥፍተሽ ሦስቱን መንደር ማን ያድንልሽ? ለአንዲት እናት ስንቷን እናት ለሽፍታ ሰጠሽ?»

ሁለቱም ጥጋቡ ላይ ዞሩ። «የአንተው ደግሞ ማዳን ነው ወይስ ስንፍና?»

«ሞታለች?» አለ ጥጋቡ።

«አልሞተችም።»

«እንግዲያስ።»

«ልጇ ግን ቤት ሆኖ እራቱን ይጠብቃል» አለች ትጓደድ። «እስከ መቼ ነው፣ አንተ?»

ጥጋቡ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ።

ትጓደድ ቁልፉን ከነጠላዋ ፈታች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አባታችሁ ቢያይ የማንን ይወድ ነበር?»

«አባዬ የፈለገው እማዬን አንዴ ማየት ነው» አለ አራጋው። «ለሴትዮዋ ልጅ እኔ አሳየሁት።»

«አባዬ ሁሌ የሚለው ‹ምነው ያኔ እኔ ባልነበርኩ› ነው» አለች እናኑ። «እኔ ያለውን አደረግኩለት።»

ጥጋቡ ወደ ጥጉ፣ የአባቱ ወንበር ወደ ቀረበት፣ ተመለከተ። «አባዬ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት እዚህ የሚቀመጠው እሷን ሊያድን አይመስለኝም። አሁንም እንዳለች ማንጎራጎሯን ሊሰማ ነው።»

ትጓደድ ሦስቱንም አየች። ሦስቱም ወንድሟን ይመስላሉ፤ አንዱ በትከሻው፣ አንዷ በቁጣዋ፣ አንዱ በዝምታው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትዮዋ አሁንም ታበጥራለች። ቁልፉን እጇ ላይ ዘርግታ ቆመች፤ ጣቷ ወደ አንዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ሌላዋ ሄደ፣ ተመለሰ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹም እኔም አልቻልንበትም፤ ፍርዱ በእናንተ ነው። ከእሳቱ መሃል አውጥቶ ያሻገራት፣ ጎበዙን እንኳ አጥፍታ እሳቱን ያስቀረች፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሞቷን ያገደ፤ ከሦስቱ ሴትዮዋን ያዳናት የትኛው ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?