ሽማግሌ አካሄዱን ሲጠየቅ

አንድ ቀን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ቡሬ ከተማ ከመምህር ሽታሁን በር ላይ ቆሙ። የመጡት ይበልጣል ለሚባል ልጃቸው የመምህሩን ልጅ የሺመቤትን ለመጠየቅ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

የተመለሱት የልጁ ዘር ተጠልቶ ወይም ኑሮው ተንቆ አልነበረም። መምህር ሽታሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የሚፈትኑት ተማሪ አጡ። ሰው ደግሞ የለመደውን አይተውምና በራቸውን የረገጠውን እንግዳ ሁሉ መፈተን ጀመሩ። «እንዴት መጣህ?» ይላሉ። ምስኪኑ እንግዳ «በእግሬ» ካለ አለቀለት።

«እሱማ በምን እንደመጣህ ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ እንዴት እንደመጣህ ነው። እንግሊዝ እንደኛ ሁሉንም ሄደ ብሎ አይገላገልም። ሳይቸኩል አየር እየተቀበለ ለሚሄድ ስትሮል አለው። እንደ ሌባ እያደባ ለሚሄድ ክሪፕ አለው። ጠጥቶ ለሚንገዳገድ እንኳ ስታገር የሚል ቃል ሰጥቶታል።»

ባለፉት ሁለት ጊዜያት የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ቄስ ምናለ «ዎክ» ብለው ነበር የመለሱት። መምህሩም «ዎክማ ዶሮም ታደርጋለች» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ይበልጣል ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። የሺመቤትም ለእናቷ «ካልሰጡኝ ገዳም እገባለሁ» ብላለች። ስለዚህ ዛሬ ሽማግሌዎቹ አቶ እንዳላማውን ጨምረው መጡ። አቶ እንዳላማው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ አፋቸው ፍሬን የለውም ይባልላቸዋል። እሳቸው ግን መንገዱን ሙሉ በሆዳቸው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ምን አስገባኝ?» እያሉ ነው የመጡት።

መምህሩ ብቅ አሉ። «ቤት ለእንግዳ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄስ ምናለ፣ እንደ ደንቡ።

«እንግዲያው ቆማችሁ ተፈተኑ። እንዴት መጣችሁ?»

ቄስ ምናለ ሳምንቱን ሙሉ ከጸሎታቸው ጎን ለጎን ሲያጠኑት የከረሙትን ቃል አወጡ። «ማርች» አሉ።

«እንደ ወታደር ማለት ነው። እስቲ ያሳዩኝ።»

ቄሱ ጥምጥማቸውን አጠባብቀው፣ ካባቸውን ሰብስበው፣ ከበሩ እስከ ግቢው የውሃ ጉድጓድ አፍ ድረስ እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ረገጡ። ጎረቤት አጥር ላይ ተሰቀለ። የግቢው ውሻ መጮህ ትቶ ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር።

«እጅ አልተወዛወዘም» አሉ መምህሩ።

«እጄ መስቀል ይዟል እኮ፣ መምህር።»

«ወድቀዋል።»

በዚህ መሀል ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ጫኔ ፀሐዩ በርትቶባቸው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ጥላው ፈቀቅ አሉ። መምህሩ ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ወደ ማድ ቤቱም ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ።

«ሊምፕ! ጥሩወርቅ፣ ነይ እይ፤ ሊምፕ ማለት ይሄ ነው። አንዱ እግር ሲጎተት ሌላው ሲቸኩል። ይሄን ሁሉ ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ የጠራ ሊምፕ አይቼ አላውቅም። እስቲ እባክዎ ይድገሙልኝ።»

አቶ ጫኔ እያቃሰቱ ደገሙት።

«አልፈዋል» አሉ መምህሩ።

«ኧረ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ነው» አሉ አቶ ጫኔ፤ የሰማቸው ግን የለም።

የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከማድ ቤት በር ላይ ቆመው አዘኑ። ልጃቸውን ለመዳር ጠላውን ጠምቀው፣ ዶሮውን ሠርተው የጨረሱት ገና በጠዋቱ ነው። «ኧረ በእመቤቴ ይተዉአቸው። ወጡም ቀዘቀዘ፤ ጠላውም ጋኑን ሊያፈነዳው ነው።»

«ፈተና አይቋረጥም» አሉና መምህሩ ወደ አቶ እንዳላማው ዞሩ። «እርስዎስ?»

«እኔ ሾፌር ነበርኩ፣ መምህር። ዕድሜዬን ሙሉ የሄድኩት ተቀምጬ ነው።»

«በዚህ አያመልጡኝም። ለእርስዎ ሌላ ጥያቄ አለኝ። እንዴት እንደመጣችሁስ ይቅር፤ ከዚህ ቤት እንዴት ነው የምትሄዱት? በትክክለኛው ቃል ይንገሩኝ። ከሳቱ ግን ሽምግልናው እዚሁ ያበቃል፤ አራተኛ አልቀበልም።»

ከእልፍኙ መጋረጃ ሥር የየሺመቤት የነጠላ ጥለት ይታያል። ይበልጣል መንገዱ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ እንደሚጠብቅ አቶ እንዳላማው ያውቃሉ፤ ምን ብለው ፊቱን እንደሚያዩት ግን አያውቁም። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ አዩ፣ ወደ ቄሱ አዩ፣ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

«መምህር፣ ያንን ቃል የሚመርጡት እኮ እርስዎ እንጂ እኛ አይደለንም። ልጅቱን ከሰጡን፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠላ እስከ አተላው ጠጥተን ስታገር እያልን እንሄዳለን።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሉ በቦታው ገብቷል። «ከከለከልኳችሁስ? ዎክ ነው፣ ስትሮል?»

«ከከለከሉንማ ቃል ፍለጋ አይድከሙ» አሉ አቶ እንዳላማው፣ ዱላቸውን ደጃፉ ላይ ተክለው። «አንሄድም።»

ቄስ ምናለ ሲሰሙ ከአቶ እንዳላማው ጎን መጥተው ቆሙ። አቶ ጫኔም የበሩን መቃን ተደገፉ። አጥሩ ላይ ያለው ጎረቤት ለምስክርነት ተመቻቸ። ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ የዋለበት ሰው ቡሬ ውስጥ ምን እንደሚባል መምህር ሽታሁን ያውቃሉ፤ ለእሱ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መልሱን እንኳ ሳይጠብቁ ጋኑን ከፈቱ። የሺመቤት ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ መምህሩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መምህሩ አማቾቻቸውን ሊሸኙ እስከ በር ወጡ። ስታገርን ለሰፈሩ ያሳዩት ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አቶ ጫኔም ጉልበታቸውን እያሹ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና «አልፈዋል» አሏቸው።