በዕቃ የተያዘው አልጋ

አንዲት ሶስና የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠባብ ክፍል አብቃቅቶ መጠቀም ታውቅበት ነበር። ከሁለት ልጆች ጋር በምትኖርበት ዶርም ሻንጣዎቹን አልጋ ስር ደርድራ፣ የሎከሮቹ በር ላይ የጨርቅ ኪስ ሰፍታ፣ ግድግዳው ላይ የልብስ ገመድ ወጥራ ክፍሉን ሳሎን አስመሰለችው። የጎረቤት ተማሪዎች እየመጡ ያደንቋት ነበር።

በክፍሉ ሰው ያልተመደበበት አንድ የላይ አልጋ ነበር። ሶስና እሱንም አልተወችውም። ትርፍ ብርድ ልብስና ጫማ፣ ከቤት የመጣውን በሶና ቆሎ በካርቶን አድርጋ ደረደረችበትና በአበባ ጨርቅ ሸፈነችው።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የሕንፃው ፕሮክተር፣ ዘሃራ የምትባል አዲስ ተማሪ ይዛ መጣች። ጎርፍ መንገድ ዘግቶባት የዘገየች ልጅ ናት፤ ፍራሿን ታቅፋለች።

"ባዶ አልጋ አላችሁ?" አለች ፕሮክተሯ።

"ኧረ የለንም! ሁሉም ተይዟል" አለች ሶስና ፈጠን ብላ።

ዘሃራ ወደ ላይ አልጋው ቀና ብላ አየች። ከዚያ "ደህና ዋሉ" ብላ ወጣች።

የሶስናን የክፍል ጓደኛ ብርቄን አላስቻላትም። "ሶስዬ፣ ዕቃውን ብናወርደውስ? ልጅቷ እኮ ማረፊያ የላትም።"

"ወዴት ነው የሚወርደው? ደግሞ ሌላ ቦታ አያጡላትም።"

ሌላ ቦታ ግን አልተገኘም። ዘሃራ ከከተማው ዳር አንድ የዘመድ ወዳጅ ቤት ተጠጋች። ጠዋት ጭቃ በጭቃ ሆና አርፍዳ ትምህርት ትገባለች፤ ሌላው ወደ ላይብረሪ ሲሄድ እሷ ሳይመሽባት ትሮጣለች። ፈተና ሲቃረብ ጭራሽ ቀረች።

"ጠቅልላ አገሯ ገባች" አሏት ሶስና ብትጠይቅ።

ያን ዕለት ካርቶኖቹን አወረደች። ሁሉም አልጋ ስር ገባ፤ ቦታም ተረፈ። የዘሃራን ስልክ ቁጥር አፈላልጋ ደወለችላት።

"ዘሃራ፣ እኛ ጋ አልጋ አለ። ነይ።"

"አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ። ግን አባቴ 'ደግሜ አልልክሽም' ብሎኛል።"

ሶስና አልጋው መጀመሪያም ባዶ እንደነበር ልትነግራት ፈለገች። ግን "ደህና ሁኚ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወዳጆቼ፣ ቦታ ማብቃቃት መልካም ሙያ ነው፤ ለሰው ካልሆነ ግን ምን ይረባል? ዕቃ የትም ቢወሽቁት ይቆያል። ሰው ግን በሩ ላይ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል፤ ቆይተን ብንጠራውም መመለሻው በእጁ ላይሆን ይችላል። እኛስ "ቦታ የለንም" ብለን የሸኘነው ማንን ይሆን?