የሙነወር ሞተርና የሐጂ ዘይኑ አማና

ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ገደማ፣ ሶላቱ አብቅቶ ሰጋጁ በመስጊዱ ደጃፍ ጫማውን የሚፈላልግበት ሰዓት። ከማለዳ ጀምሮ በከተማዋ አናት ላይ ተከምሮ የዋለው የሰኔ ደመና፣ ኢማሙ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ባሰላመቱበት ቅጽበት ቀጭን ካፊያውን ለቀቀ። ነፋስ አልነበረም፤ ጠብታው ቀጥ ብሎ እንደ ፈትል ይወርድ ነበር።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ጥንታዊት ናት፤ ግንብ ዙሪያዋን የያዛት፣ መንገዶቿ ለበቅሎ ተለክተው የተሠሩ በመሆናቸው መኪና ሲያልፍ ሰው ከግድግዳ ተጣብቆ ሰላምታ የሚሰጥባት። በምሥራቁ በር አጠገብ ሐጂ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ጋራዥ ነበራቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ጥፍራቸው ጥቁር። በዚያ ጋራዥ ታድሶ የወጣ የጭነት መኪና ሞተር ቆላ ወርዶ፣ አሸዋ ተንፍሶ፣ ጨው ተሸክሞ ይመለሳል። አንድ ሾፌር «ሐጂ የገጠሙት ነው» ካለ፣ በሩቅ አገርም ቢሆን ሌላ ጥያቄ አይከተልም።

ሐጂ ቢስሚላህ ሳይሉ ቁልፍ አያነሱም። አዛን ሲሰሙም የተከፈተውን ሞተር በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይነሳሉ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከባለቤታቸው ከሐጃ ሩቅያ በቀር ማንም የማያውቀው ግን አንድ ምኞት ነበራቸው። በወጣትነታቸው በተራራው መንገድ ዳር ቆመው የመኪና እሽቅድምድም ካዩበት ቀን ጀምሮ፣ አንዲት ፈጣን ሞተር በእጃቸው ሠርተው ስትሮጥ ማየት ይናፍቁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የመጣላቸው ግን የጭነት መኪና ነው። ሐጃ ሩቅያ ይስቁባቸው ነበር፤ «እርስዎ ሰውዬ፣ መካ ደርሰው መጡ፤ ልብዎ ግን ከዚያ ኮረብታ ገና አልወረደም።»

በዚያ ጁሙዓ፣ በካፊያው ውስጥ ወደ ሐጂ የቀረበው ወጣት ሙነወር ይባላል፤ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ከአባቱ የወረሳት ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪና አለችው። በአዘቦቱ ቀን እናቱን ገበያ፣ እርሱን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በተራራው መንገድ በሚደረገው ዓመታዊ እሽቅድምድም የከተማዋን ስም ይዛ ትሰለፋለች። ባለፈው ዓመት በትልቁ መታጠፊያ ላይ ሞተሯ በሩጫ መሐል ደርቆ ቆመ፤ ጎማዎቹ ተያዙ፣ መኪናዋም አንድ እግሯ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረች። ሙነወር ከዚያ የወጣው በአላህ ጥበቃ ነው። እናቱ ዘንድሮ እንዲወዳደር የፈቀዱለት በአንድ ቃል ነበር፤ ሞተሩን አላህን የሚፈራ ሰው ይሥራልህ።

«ሐጂ» አለ ሙነወር፣ «ዘንድሮ ሞተሩን እርስዎ እንዲሠሩልኝ ነው የመጣሁት።»

ሐጂ አንድ ጫማ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። «እኔ?»

«እርስዎ።»

ከሶላት የወጣው ጀመዓ ሰማ። «ማሻአላህ!» አለ አንዱ። «ዘንድሮስ ዋንጫው በዱዓ ሊመጣ ነው!» አለ ሌላው፤ ሳቁ ከደጃፉ እስከ ውዱእ መታጠቢያው ተስተጋባ። ሐጂ ዘይኑ «ቢኢዝኒላህ፤ ነገ አምጣት» ሲሉ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ ነበር። ወሬው ከእርሳቸው ቀድሞ ቤታቸው ደረሰ።

በማግስቱ መኪናዋ ጋራዡ ውስጥ ቆመች። ሐጂ ዞሯት፤ ኮፈኗን ከፈቱ፤ ጣታቸውን በሞተሩ ራስ ላይ አሳለፉ። ሙነወርም እንደ ሙሽራ ሚዜ ደስታው ከፊቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ከኋላ ከኋላቸው ይከተል ነበር። ድንገት ሐጂ ጠየቁት።

«ለመሆኑ እኔ የሠራሁት ሞተር በእሽቅድምድም ፍጥነት ሲሮጥ የት አየህ?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰውስ አግኝተሃል?»

«ኧረ አላገኘሁም።»

«ታዲያ በምን መረጥከኝ ልጄ?»

ሙነወር ሳይጠራጠር መለሰ። «እናቴ አላህን የሚፈራ ሰው ይሥራልህ አለችኝ። ከተማው ሁሉ የጠቆመኝ እርስዎን ነው። ሶላት የማያሳልፍ ሰው ያጠበቀው ብሎን አይፈታም አሉኝ።»

ሐጂ የያዙትን ቁልፍ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ አኖሩት። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ቁም። በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ዕድሜ ሙሉ የናፈቁት ነገር በራሱ ጎማ ተንከባሎ ቤታቸው ገብቷል። ሞተር አያውቁም የሚል አንደበት በከተማዋ የለም። እንሞክረው ቢሉ ጀመዓው ማሻአላህ ይላል፤ ቢበላሽ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይላል። ሐጂ ግን የታያቸው ያ መታጠፊያ ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «እኔ የማውቀው ዝግ ብሎ ብዙ የሚሸከም ሞተር ነው። አንተ የምትፈልገው እጥፍ ፈጥኖ የሚዞር፣ በማግስቱም እናትህን ገበያ የሚያደርስ ነው። በዚያ ፍጥነት ፒስቶኑ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ለሙቀቱም ምን ያህል ክፍተት እንደሚተውለት እኔ የምነግርህ በግምት ነው። የእኔን ግምት ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ የምትፈትነው አንተ ነህ።»

«እንሞክረው እንጂ ሐጂ! እርስዎ ዱዓ ያደርጋሉ…»

«ዱዓውን አደርጋለሁ። ሞተሩን በድሪ ይሥራው።»

በድሪ ከግንቡ ውጭ፣ በምዕራቡ መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው ጎልማሳ ነው። የሦስት ከተማ ተወዳዳሪዎች ሞተራቸውን ጭነው የሚመጡት ወደ እርሱ ነበር። በመስጊድ ግን ከዒድ ወደ ዒድ እንጂ አይታይም። አንድ ጊዜም በሰው ፊት፣ የሐጂ ዘይኑ ሞተርና ግመል ቢሽቀዳደሙ ግመሉ እንዳይታዘብ እፈራለሁ ብሎ ከተማውን አስቆ ነበር። ቃሉ ሐጂ ጆሮ ደርሷል።

ሙነወር ፊቱ ጠቆረ። «ሐጂ፣ በድሪ እኮ ጀመዓ ላይ አይታይም። ደግሞም ሰው የሚለውን…»

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ተው። ምክር የጠየቅኸኝ ስለ ሞተር ነው። በሞተር ጉዳይ የሚጎዳህን ነውሩን እነግርሃለሁ፤ ቀጠሮ አያከብርም፣ የሚያስረክብበትን ቀን በምስክር ፊት አስቆርጠው። ከዚያ ያለፈው በእርሱና በጌታው መካከል ነው። ተነስ፣ እንሂድ።»

በዚያችው መኪና ከተማዋን አቋርጠው ሄዱ። በየበሩ የቆመ ሰው «ሐጂ፣ ተጀመረ?» እያለ ይጮኻል፤ እርሳቸውም እጃቸውን ያነሳሉ። በድሪ ከመኪና ሥር ወጥቶ ማን እንደመጣ ሲያይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ! ምነው፣ ግመሉ ቀደመዎትና ሊከሱኝ መጡ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ግመሉማ ቀድሞኛል፤ ስለዚህ ሥራ ይዤልህ መጣሁ።»

የበድሪ ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ሐጂ ግድግዳው ላይ ወደተደረደሩት ዋንጫዎች አልተመለከቱም። «ከሠራሃቸው ውስጥ የተሰበረውን አሳየን» አሉት።

በድሪ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አናቱ የተበሳ ፒስቶን አወጣ። «ይኼን የበሳሁት እኔ ነኝ። ጉልበት ለመጨመር ብዬ ነዳጅ አሳነስኩበት፤ ሙቀቱን አልቻለም። ባለቤቱ የነዳጁ ጥራት ነው ብሎ ነበር። ኧረ የእኔ እጅ ነው አልኩት።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ለወጥህ?»

በድሪም ነገራቸው። ሲናገር ልቡ እየሞቀ ሄደ፤ እጁ በአየር ላይ ሞተር ይገጥም ነበር። ሐጂ አንዱን ሲጠይቁ፣ እርሱ ሲመልስ፣ መልሰው ሲጠይቁ፣ ሙነወር ተረሳ። በመጨረሻ በድሪ ወደ ወጣቱ ዞረ። «አንተ ደግሞ እወቀው። ለዋንጫ ብቻ ከሆነ የምሠራልህ ሌላ ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት የምትሄድባት ከሆነች ግን ከጉልበቷ እቀንሳለሁ። አንደኛ ላትወጣ ትችላለህ። ሠርቼ ስጨርስም ሮዳጅ አለ፤ ሞተሩ እስኪላመድ በዝግታ ትነዳለህ፣ አንድ ቀን ብትፈጥን አልጠየቅም።»

«ሰማህ?» አሉ ሐጂ። «ያልጠየቅነውን ጉድለት ጨምሮ ነገረን። አሁን ምረጥ።»

ሙነወር ፒስቶኑን በእጁ አገላበጠው፤ በጣቱ ቀዳዳውን ነካ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ለበድሪ ሰጠ።

ዲናችን የነፍስን ነውር እንድንሸፍን ያዘናል፤ የሚሸጥን ነገር ነውር ግን እንድንገልጥ ያዘናል። ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠን እንኖራለን፤ የወንድማችንን ኃጢአት በአደባባይ እናሰጣለን፣ የዕቃችንን ጉድለት ግን በጨርቅ እንሸፍናለን። በዚያ ዘይት በጠገበ ጋራዥ ውስጥ መሸፈኑም መግለጡም በየቦታቸው ሲውሉ አንድ ወጣት አየ።

ሊወጡ ሲሉ በድሪ ሐጂን ከበሩ መለሳቸው። «ትናንት በመስጊድ ደጅ የሆነውን ሰምቻለሁ። ይኼን ሞተር ፈልገውት ነበር አይደል?»

«ፈልጌው ነበር።»

«እንግዲያው አብረን እንግጠመዋ! ፒስቶኑን እንኳ እርስዎ ያስገቡ።»

ሐጂ መዳፋቸውን ገና ባልተከፈተው ሞተር ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ፍቅሩ ሳይለቀው ከልጁ የሚለይ አባት እንዲህ ይመስላል። ከዚያም መዳፋቸውን አነሱ። «አይሆንም። ሁለት እጅ ከገባበት፣ ነገር ሲበላሽ ይህ ልጅ በማን በር እንደሚቆም አያውቅም። ሞተሩ አንድ ተጠያቂ ይኑረው።» ወደ ቤታቸው የተመለሱት በእግራቸው ነበር።

ክረምቱ ወጣ። የእሽቅድምድሙም ቀን ደረሰ። ያቺ ትንሽ መኪና ትልቁን መታጠፊያ ስታልፍ ድምፅዋ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እንደ ተክቢራ ተቀባበለ፤ ሁለተኛ ሆና ገባች። አንደኛዋን በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷት፤ ሞተሯ አብቅቶለት ነበር። የእኛዋ ግን በራሷ ጉልበት ተራራውን ወርዳ፣ መብራቷን አብርታ፣ በምሥራቁ በር ገባች። ያን ቀን ግንቡ ላይ ያልወጣ ልጅ፣ በመስኮት ያልታየች እናት አልነበረም። እኔም ከወጡት አንዱ ነበርኩ፤ በከተማዬ ከዚያ ቀን በላይ ኮርቼ አላውቅም።

ሕዝቡ በመስጊድ ደጅ የሰማውን ይዞ ነበርና፣ «የሐጂ ሞተር! የሐጂ ሞተር!» እያለ አዛውንቱን ከበባቸው። እጃቸውን ይዘው ከበሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አወጧቸው። ሐጂም ከዚያ ላይ ሆነው ጮኹ።

«የበድሪ ሞተር ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። «ሐጂ ደግሞ ትሕትናቸው!»

«ትሕትና አይደለም፤ ወሬያችሁን እያረምኩ ነው። እኔ አንዲት ብሎን አልነካሁም!»

«ቢሆንም በሰላም ያደረሳት የእርስዎ ሶላት ነው!» አለ አንዱ ከመሐል።

ሐጂ ወደ ተናጋሪው ዞሩ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማ።

«ሶላቴ የአላህ ናት፤ ለሞተር ዋስ አላደርጋትም።»

ጩኸቱ በረደ። ሙነወር ከመኪናው ወርዶ ሕዝቡን እየገፋ ሄደና፣ ግራሶ የጠገበ ሸሚዙን እንደለበሰ ከኋላ ቆሞ የነበረውን በድሪን እጁን ይዞ ወደ ፊት አመጣው። ያን ጊዜ ከተማው በትክክለኛው ስም ጮኸ። ከሁሉ አስቀድመው የጮኹት ሐጂ ዘይኑ ነበሩ።

ሐጂ ስለ ሶላታቸው ያሏትን ያችን ቃል ብዙ ጊዜ አሰላስያታለሁ። ኢባዳ፣ ለአላህ የሚደረግ አምልኮ፣ ለሰው ማስረጃ ሆኖ በቀረበ ጊዜ ከባለቤቱ ላይ ተወስዶ በገበያ ይመነዘራል። ሐጂ ዘይኑ ሰባ ዓመት ያጠራቀሙትን ሱጁድ ለአንዲት ምኞታቸው ሊመነዝሩት ይችሉ ነበር፤ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። የሙነወር እናት አላህን የሚፈራ ሰው ብለው ነበር፤ ከተማው ሁሉ ፍርሃቱን በስግደት ብቻ ሲፈልገው፣ ያ ፍርሃት ግን «ይህን አላውቅም» በሚል አንደበት ተገለጠ። በድሪ ከዚያ ወዲህ ጀመዓ ማዘውተር ጀመረ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አላውቅም፤ ሐጂም ጠይቀውት አያውቁም። ሙነወር ግን ዛሬም በዚያች መኪና እናቱን ገበያ ያደርሳል፣ ክረምት ሲወጣም ተራራውን ይወጣል። ስለዚህ ነው በዚያች ከተማ መወለዴን በኩራት የምናገረው።

ሐጂ ዘይኑ ከሁለት ክረምት በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የፈጣን መኪና ሞተር ሳይሠሩ ሞቱ።