አፍ የሌለው ተበዳይ

አንድ ደግ የሐይቅ ዳር ጠባቂ ነበር። አገሩ ሁሉ «አያ ጥጋቤ» ይለዋል። ንጉሡ ሐይቁ ዳር የበቀለውን፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ማንም እንዳያጭድ ከልክለው ነበር፤ ዓሣው የሚፈለፈለው እዚያው ደንገሉ ሥር ነዋ! ደንገል ያጨደ ታንኳው ይወረስ የሚል ሕግም ወጣ። ሕጉ ግሩም ነበር። ጠባቂውም ግሩም ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አያ ጥጋቤ ሽማግሌ ፊት መጽናት አይችልም።

አጫጅ በያዘ ቁጥር በማግስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጁ ላይ ይቆማሉ። «ልጃችን ተሳስቷል፤ ስለ ሽበታችን ማርልን» ይሉታል። በዚያ አገር ደግሞ ሽማግሌ አይመለስም። አያ ጥጋቤም «ስለ እናንተ ትቼዋለሁ፣ አባቶቼ» ይላል። ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይዘንባል፣ ታንኳው ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ደንገሉ አልቆ አንድ ጥግ ብቻ ቀረ። መረቡም ባዶውን ይወጣ ጀመር። ያቺ ጥግ ከሄደች መንደሩ የሚበላው እንደሌለው አያ ጥጋቤ ያውቃል።

አንድ ማለዳ ያረጋል የሚባል ታንኳ ሠሪ ከዚያችው ጥግ ሲያጭድ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ያረጋል የአያ ጥጋቤ የክርስትና ልጅ ነው፤ እንዴት ይጨክንበት? ሽማግሌዎቹም አልዘገዩም። መሪያቸው አባ በላይነህ እንደ ወጉ ያረጋልን ድንጋይ አሸክመው መጡ።

«ተበዳዩን ይቅርታ ልንጠይቅ ነው» አሉ።

አያ ጥጋቤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባቶቼ፣ እንደምወዳችሁ ታውቃላችሁ። ግን ተበዳዩ ማነው?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔማ ምን ሆንኩ? ያጨደው የእኔን ጢም አይደለም! በሉ ተከተሉኝ።»

ደንገሉ ታጭዶ ራቁቱን ወደ ቀረው የሐይቁ ዳርቻ ወሰዳቸው። «ተበዳዩ ይኸውላችሁ፤ ለምኑት። እሺ ካለ እኔም እሺ እላለሁ።»

አባ በላይነህ ውሃውን አዩ፣ ጭቃውን አዩ። «ኧረ ጉድ!» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ዘመን ስናስታርቅ ተበዳዩ ቤት ሄደን አናውቅም ማለት ነው? አፍ የሌለው ተበዳይ በቃል አይታረቅም፤ ካሣ ይገባዋል። ያረጋል፣ ድንጋዩን አውርድ። ታንኳህ ይወረሳል፤ አንተም ደንገል ትተክላለህ።» ቀጥለውም ጋቢያቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ። «እያማለድን ያስጨረስነው እኛም አይደለን?» አሉ።

ያን ቀን አያ ጥጋቤ የክርስትና ልጁን ከነጭቃው አቅፎ ሳመው። ታንኳውን ግን አልመለሰለትም።

ወዳጄ፣ ሌላው በተበደለው እኛ ይቅር ባይ ስንሆን ደግ የሆንን ይመስለናል። ሰውን እየወደዱ ሕግን ማስከበር ይቻላል፤ እንዲያውም የሚወደው ሰው ነገ ጦሙን እንዳያድር የሚፈልግ ያስከብራል። እስቲ እርስዎስ፣ አፍ በሌለው ስም ስንቱን ይቅር ብለው ያውቃሉ?