አረንጓዴ አልሆን ያለችው «እሺ»

ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ስንዱ የምትባል ፕሮግራመር ነበረች። ዓርብ ከሰዓት አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች፤ ስክሪኑ ላይ «እሺ» የምትለውን ቀይ ቁልፍ አረንጓዴ አድርጋ ወደ ቤት መብረር። አስር ሰዓት ላይ ታናሽ እህቷን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እህቷም «አንቺ ከሌለሽ አባባ እሺ አይልም፤ ታውቂዋለሽ» ብላታለች። አለቃዋ ግን «ደንበኛው ‹እሺ ብሎ ቀይ የት አገር አለ?› እያለ ነው። ሳትቀይሪ ንቅንቅ የለም!» አላት።

ስንዱ ቁልፏን «አረንጓዴ ሁኚ» አለቻት። ቁልፏም «ገጹ ካልታደሰ ቀለሜን አልለውጥም» አለች።

ወደ ገጹ ሄደች። «ገጽ ሆይ፣ ታደስ፤ ቁልፏ አልለወጥም አለች።» ገጹም «ዳታቤዙ ካላዘዘኝ አልታደስም» አለ። መዘዙ ይኸው ነው! የዚያ ቢሮ ሰዎች ፕሮግራሙን ሲሠሩ ሁሉን ከሁሉ ጋር አስረውት ነበር፤ አንዱን ስትነካ ሁሉም ይጮኻል። ከአሳሪዎቹ አንዷ ራሷ ስንዱ ናት፤ ጮክ ብላ ያልተራገመችውም ለዚህ ነው።

ወደ ዳታቤዙ ሄደች። «ዳታቤዝ ሆይ፣ እዘዝ፤ ገጹ አልታደስም አለ፣ ቁልፏ አልለወጥም አለች።» ዳታቤዙም «ሰርቨሩ ካልነቃ አላዝም» አለ።

ወደ ሰርቨሩ ሄደች። «ሰርቨር ሆይ፣ ንቃ፤ ዳታቤዙ አላዝም አለ፣ ገጹ አልታደስም አለ፣ ቁልፏ አልለወጥም አለች፣ ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም!» ሰርቨሩም እያንኮራፋ «ጋሼ ጌጤ ካልቀሰቀሱኝ አልነቃም» አለ።

ጋሼ ጌጤ የሰርቨሩ ጠባቂ ናቸው፤ ምድር ቤት ብቻቸውን ይውላሉ። «ጋሼ ጌጤ፣ በሞቴ ይቀስቅሱልኝ! ሰርቨሩ አልነቃም አለ፣ ዳታቤዙ አላዝም አለ፣ ገጹ አልታደስም አለ፣ ቁልፏ አልለወጥም አለች!»

ጋሼ ጌጤ መነጽራቸውን ወለወሉ። «አልቀሰቅስም! ሲበላሽ ጌጤ! ጌጤ! ነው። ሲሠራ ጌጤ የሚባል ሰው መኖሩን ማን ያውቃል?»

ስንዱ ማባበያ አልጠፋትም፤ ግን እውነታቸውን ነው። አምና ክረምት መብራት እልም ሲል የለፋችበትን ሥራ ያተረፉላት እሳቸው ነበሩ። አፈረች።

«ጋሼ፣ ያኔ ሥራዬን ያዳኑልኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩን ሳምኩት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጋሼ ጌጤ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰርቨሩን ቀሰቀሱ፤ ሰርቨሩ ነቃ፣ ዳታቤዙ አዘዘ፣ ገጹ ታደሰ፣ ቁልፏ አረንጓዴ ሆነች፣ አለቃው ለቀቃት፣ ስንዱ በረረች። ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ገና እንደቆሙ ደረሰች፤ አባቷም አይተዋት እሺ አሉ።

ሰኞ ስንዱ ቁልፏን ከገጹ፣ ገጹን ከዳታቤዙ ፈታቻቸው። ጋሼ ጌጤ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው።

«ታዲያ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ምን ያመጣሻል?»

«ምንም» አለች ስንዱ፣ ከሽምግልናው የተረፈውን ድፎ ዳቦ ፊታቸው እያስቀመጠች። «ዛሬም ምንም ፈልጌ አልመጣሁም።»

ጋሼ ጌጤ ዳቦውን ቆረሱ። የተራኪውን ድርሻ አደራ እንዳትረሱ።