ያልተሰቀለው ምርኩዝ

አንድ ስማቸው በአገሩ ሁሉ የገነነ ወጌሻ ነበሩ፤ አያ ዋሴ ይባላሉ። እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ግቢያቸው ሲገባ፣ ቀርከሃ ሰንጥቀው እግሩን ግራና ቀኝ ያስደግፉና በጠፍር ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ሕመምተኛው ሲጮህ «ጩህ፣ ጩህ! ሳያምህማ አጥንትህ መቼ ሊገጥም ነው!» ይሉታል። የዳነ ሰው ምርኩዙን እዚያው ትቶላቸው በእግሩ ይሄዳል፤ እሳቸውም አንዱንም ሳይጥሉ ደጅ ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል። በሃያ ዓመት ውስጥ ምርኩዙ ከሁለት መቶ አለፈ። እንግዳ ሲመጣ አያ ዋሴ ስለ ሥራቸው አንድ ቃል አይናገሩም፤ ወደ ግድግዳው ዞር ማለት ብቻ ነው። ምን መናገር ያስፈልጋል?

ከፋሲካ በኋላ ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ግድግዳውን አዩና ተደነቁ። «ለመስቀል በዓል አዋጅ አስነግራለሁ። በአገሬ ያለ ወጌሻ ሁሉ እንደ ዋሴ አጥብቆ ይሰር፤ ሌላ ዓይነት ያሰረ ይቀጣል» አሉ። የአያ ዋሴ ደስታ ልክ አጣ። ስማቸው በንጉሥ አዋጅ ሊነገር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን አለ!

ታዲያ በሳምንቱ በቅሏቸው ላይ ሆነው በገበያ ሲያልፉ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ በእንስራዎቿ መሀል በምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም።

«አያ ዋሴ፣ ረሱኝ እንዴ? አንጓች ነኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት እግሬን ያሰሩልኝ እርስዎ ነበሩ» አለቻቸው።

«እኔ ያሰርኩት ሰው ምርኩዙን ትቶልኝ ነው የሚሄደው። አንቺ ለምን አልተውሽም?»

አንጓች ሳቋ መጣ። «ታዲያ በምን ልሂድ?»

የሆነውንም ነገረቻቸው፤ በታሰረች በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ ጠቆሩ፣ በሳምንቱ ሌላ አገር ተወስዳ እግሯ ተቆረጠ።

«መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ምን ብዬ? ዕድሌ ነው ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ደግሞስ ያንን የእርስዎን ዳገት በአንድ እግር ማን ይወጣዋል!»

«ጠፍሩን ነካክተሽው ይሆናላ!» ብለው በቁጣ በቅሏቸውን ኮለኮሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ግን ግድግዳው ፊት ቆመው ምርኩዞቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። የዳነው ሁሉ እዚህ አለ። ያልዳነውስ የት ነው ያለው? በነጋታው ተነሥተው በየቀበሌው እየዞሩ ያሰሯቸውን ሰዎች ማፈላለግ ጀመሩ። በአንድ ወር ውስጥ እግራቸው የተቆረጠ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አገኙ። በዚያው እግራቸው የሞቱ የሁለት ሰዎችንም መቃብር ዘመዶቻቸው አሳዩአቸው። አያ ዋሴ እዚያው መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወደ አንጓች ተመለሱ። «እግራችሁን ያስቆረጠው ማጥበቄ ይሁን፣ ስብራቱ ክፉ ሆኖ ይሁን፣ እኔ እንጃ» አሏት።

«ካላወቁ ይሞክሩታ! እኔ አዲስ ጭቃ ሳገኝ ግማሹን እንስራ በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ እሠራና ባንድ እሳት እተኩሰዋለሁ። የትኛው እንደሚሰነጠቅ ያኔ አያለሁ።»

«እኔ ከመረጥኩማ ልቤ ያደላል።»

«እንግዲያው ዕጣ ይውጣ። የዳነውንና ያልዳነውን ቆጣሪዋም እኔ ልሁን፤ እርስዎ የሚያዩት የሚወዱትን ብቻ ነው» አለችና ሳቀችባቸው።

በአንጓች ገንቦ ውስጥ ሃያ ነጭና ሃያ ጥቁር ባቄላ ተጨመረ። አያ ዋሴም ለሚመጣው ሁሉ እንዲህ ይሉት ጀመር፦ «ወንድሜ፣ ማጥበቅ ይሻል እንደሆነ፣ ማላላት ይሻል እንደሆነ፣ እኔ ራሴ አላውቅም። ፈቃድህ ከሆነ ባቄላ አውጣ። ጣትህ ከጠቆረ ወዲያው እፈታልሃለሁ። ካልፈለግህም እንደወደድክ አስርሃለሁ።» ብዙው ሰው ደነገጠ። «ወጌሻው ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው?» ብሎ በመጣበት ቃሬዛ የተመለሰም አለ። አርባ ሰው ግን እሺ አለ። ነጭ የደረሰው ላላ ተደርጎ፣ ጥቁር የደረሰው ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሳይመለስ የቀረውን ሰው አንጓች በአያ ዋሴ በቅሎ እየሄደች ቤቱ ድረስ ታየው ነበር።

ጠብቆ ከታሰረላቸው የሰባቱ ጣት ጠቁሮ በቶሎ ተፈታላቸው። ላልቶ ከታሰረላቸው የጠቆረበት አንድም ሰው የለም፤ የአንዱ እግር ብቻ ትንሽ ተጣሞ ገጠመ። አያ ዋሴ የዚያን የአንዱን ሰው ነገር ከአንጓች ሲሰሙ «አየሽ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሃያ ዓመት የኮሩበት ሥራ ስንት ሰው እንደጎዳ አሁን ገባቸው።

የመስቀል ዕለት አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ሊመታ ሲል አያ ዋሴ ንጉሡ ፊት ቀረቡ። «ጃንሆይ፣ አዋጁ ይቅር። ተሳስቻለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው? ሁለት መቶ ምርኩዝ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እውነት ነው ጃንሆይ። ያዩት የዳኑትን ነው። ያልዳኑት ምርኩዛቸውን አልሰቀሉልኝም፤ እየሄዱበት ነው። እመት አንጓች ይኸው እዚህ አሉ፤ ይጠየቁ።»

ንጉሡ ሴትዮዋን አዩ፤ ምርኩዟንም አዩ። ከዚያም «እንግዲያስ ላላ ተደርጎ ይታሰር ብዬ ላውጅ?» አሉ።

«እሱንም ያየነው በአርባ ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወጌሻ ያሰረውን ሰው ሁሉ፣ የዳነውንም ያልዳነውንም፣ ሄዶ ይይ፤ ያየውንም ሳይደብቅ ይናገር። የሚሻለውን ራሱ ያገኘዋል። ይህን ያውጁልን።»

የዚያን ዕለት የተነገረው አዋጅ ይኸው ነው። አያ ዋሴም ቤታቸው ገብተው ምርኩዞቹን በሙሉ ከግድግዳው አወረዱ። ለአንጓች ከወይራ አዲስ ምርኩዝ ጠርበው ሰጧትና አሮጌውን ብቻውን ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሕመምተኛ «ይሄ የማን ነው? ሰውየው ዳነ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የእመት አንጓች ነው። እሳቸው አልዳኑም። አንተ ግን የምትድነው በእሳቸው ነው» ይሉታል።

ወዳጄ ሆይ፣ የተሳካለት ሰው ምስጋናውን ይዞ ራሱ ይመጣል፤ የተጎዳው ግን ዕድሌ ነው ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ሐኪም ብትሆን፣ መምህር ብትሆን፣ ሹም ብትሆን ሥራህን በሚያመሰግኑህ ብቻ አትለካ። «አላውቅም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም አገር የሚያድን እሱ ነው። አንተስ፣ ከግድግዳህ ላይ የጎደለው የማን ምርኩዝ ነው? ቤቱ ድረስ ሄደህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?