ሸህ እንድሪስ ከሕፃኗ የጠየቁት አፉታ

ስሟ ይቆየንና፣ መስጊዷ ከግንቧ በፊት በተሠራ በአንዲት አሮጌ ከተማ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታራቂው እሳቸው ናቸው። ሸህ እንድሪስ ያስታረቁት ትዳር አይፈርስም ይባል ነበር። እርግጥ ነው፣ አይፈርስም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ማን ጠየቀ?

ዘምዘም የምትባል ሴት ባሏ ሲደበድባት ሁለት ጊዜ ሸሽታ እሳቸው ዘንድ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ፣ «ሰብር አድርጊ ልጄ፤ ቻይው፤ ለልጅሽ ስትይ» ብለው፣ ባልየውንም «ሁለተኛ አይለመደኝም» አስብለው መለሷት። እሷም ቃላቸውን አክብራ ተመለሰች።

በሦስተኛው የመጣችው የስድስት ዓመት ልጇን ረሒማን ይዛ ነው። ልጅቱ ጓዳ ጥግ ተሸጉጣ እናቷ ስትደበደብ ካየች ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም፤ ወር አልፏታል። ሸህ እንደ ልማዳቸው ዱዓ ሊያደርጉ ሁለት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ረሒማ ጭንቅላቷን በክንዶቿ ሸፍና እናቷ ጉያ ገባች።

«ምን ነካት?» አሉ ሸህ ደንግጠው።

«እጅ ሲነሳ ስታይ እንዲህ ናት፣ አባቴ» አለች ዘምዘም።

ሸህ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «አስተግፊሩላህ! ወደዚያ ቤት የመለስኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ያን ቀን ዱዓውን የጨረሱት እያለቀሱ ነው፤ እናትና ልጅንም እዚያው ቤታቸው አሳደሯቸው።

ጁምዓ ዕለት ከሰላት በኋላ ባልየው ሙሔ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። የዘምዘም ልብ ተሰቀለ። ዛሬም ሰብር ካሏት ልጇ ተመልሳ እንደማትናገር ታውቀዋለች። ሸህ ግን ረሒማን አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

«ጀመዓ፣ ሁለት ጊዜ ሰብር ብያለሁ። ሰብር ያልኩት የተመታችውን ነው፤ የመታውን አላልኩትም። ትዳር አቆምኩ ብዬ ያቆምኩት ዙልምና በደል ነው።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ልጄ ረሒማ፣ አጥፍቻለሁ። አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። «ኧረ ሸህ! እርስዎን የሚያክል ሰው ከሕፃን አፉታ ይጠይቃል?» አለ አንዱ።

«የበደልኩት እሷን ነው፤ ከማን ልጠይቅ ታዲያ?»

ባልየውንም፣ «እናትና ልጅ እኔ ቤት ናቸው። ቀለባቸውን ሰፍረህ ትልካለህ፤ ከዚህ ደጃፍ ግን አታልፍም» አሉት። ሙሔ ሽማግሌዎቹን ቢያይ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አቀርቅሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ዱዓ የሚደረገው እጅን ጭን ላይ አሳርፎ ሆነ። የሚጮህ የለም፣ አህያ የሚመታም የለም። ጎረቤቱ፣ «ሸህ እንድሪስ ቤት ዝንብ እንኳ በፈቃዷ ካልሄደች አትባረርም» እያለ ይስቅ ነበር። ይሳቅ! ልጅቱን እንቅልፍ ያዛት፣ እህል ቀመሰች። ሸህ በየቀኑ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ አጠገቧ ቁጭ ይላሉ። «ተናገሪ» አይሏትም፣ «እርሺው»ም አይሏትም። ቁጭ ማለት ብቻ።

አንድ ቀን ዘምዘም ልብስ ስታሰጣ የልጇን ድምፅ ሰማች። የያዘችው እርጥብ ልብስ ከእጇ ወደቀ።

«ሸህ አባባ፣ እናቴ ስትመታ እኔ ዝም አልኩ። አላህ ይቆጣኛል?»

ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን የተሸከመችው ይህን ኖሯል!

«የለም ልጄ» አሉ ሸህ። «ዝም ያልነው እኛ ትልልቆቹ ነን። አላህ የሚጠይቀውም እኛን ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዘምዘም እዚያው ልብሱ ስር ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወረደች፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ኋላ ሰዎች ሸህን፣ «በጀመዓ ፊት ራስዎን ማዋረድ ምን አስፈለገ?» ቢሏቸው፣ «ልጅ ፊት የተሰበረ ልጅ ፊት ይጠገናል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እኛስ? በሰው ጀርባ ሰብር ማዘዝ እንደሆነ ማን ብሎን! ሰብር አላህ የሚመለክበት ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ዱላን ግን ዝም ብላችሁ እዩ የሚል ሰብር የለም። ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል እንላለን። አይረሱም፤ እንዲያውም ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል። ዘምዘም እስክታረጅ ድረስ ከየሰላቷ በኋላ ለእኚያ ሽማግሌ ዱዓ ታደርግ ነበር። የመከሯት ብዙ ነበሩ፤ ለልጇ «አጥፍቻለሁ» ያሉላት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ይህችን ቃል ሳይመሽ ለማለት ይወፍቀን፣ ያብቃን።